ካዝናው እስኪገዛ ሽጉጡ የት ይደር?

ሰሞኑን አሜሪካ ባለነው መካከል ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። አንደኛዋ አክስቴ ናት፤ አክስቴ ደግሞ ሽጉጥ የላትም። ጽሑፉ ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ ማስቀመጫ ካዝና ስለ መግዛት ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ስለማይገኝ መጻፉ በራሱ ደግ ነው። ችግሩ ምክሩ ላይ ነው።

ጸሐፊው ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ስም የለበትም። አነጋገራቸው የታላቅ ወንድም ስለሆነ እኔም እንደ ታናሽ ልመልስ። ያሉት ባጭሩ ይኸው። ከ1,500 ዶላር በታች ያለ ካዝና ቆርቆሮ ነው፤ አትግዙ፤ እስክታጠራቅሙ ሽጉጡን ልጅ የማይደርስበት ቁም ሳጥን አናት ላይ አድርጉት። ስትገዙ ከሁሉ በፊት እሳት ስንት ደቂቃ እንደሚችል እዩ። መቆለፊያው የጣት አሻራ ይሁን፤ ሌሊት በድንጋጤ ቁጥር ይረሳል። ከባድ ካዝና ከሆነ ወለል ላይ ማሰር አያስፈልግም። ካሰባችሁት አንድ ደረጃ ተለቅ ያለውን ግዙ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ የእኛ ልጆች በሥርዓት ያደጉ ስለሆኑ ከመቆለፍ ይልቅ ማስተማር ይበልጣል ይላሉ።

እኔ የካዝና ነጋዴ አይደለሁም። ሜሪላንድ የምኖር፣ አንድ ሽጉጥና አንድ የአደን ጠመንጃ ያለኝ፣ ሁለት ልጆች የማሳድግ ሰው ነኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ ገንዘብ አባክኜ ነው የተማርኩት።

ከዋጋው ልጀምር፤ ትልቁ ስህተት እዚያ ነው ያለው።

«ርካሹ ቆርቆሮ ነው» ሲሉ ግማሽ እውነት ይዘዋል። በትልልቅ ሱቆች ከ100 እስከ 200 ዶላር የሚሸጡት ብዙዎቹ ሳጥኖች ላሜራቸው 18 ወይም 20 ጌጅ ነው። በጌጅ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ይወፍራል። 18 ጌጅ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 20 ጌጅ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያ ሳጥኔን አንድ የእጅ ባለሙያ ወዳጄ በረጅም ካቻቪቴ ከፊቴ ፈልቅቆ ከፈተው። የጣድነው ሻይ ገና አልፈላም ነበር። ስለዚህ ይህን አልክድም።

የ1,500 ዶላሩስ? አሜሪካ ውስጥ ለቤት የሚሸጥ የጠመንጃ ካዝና አብዛኛው አር ኤስ ሲ የሚል ምልክት ነው የሚለጠፍበት። ሲተረጎም የመኖሪያ ቤት ጥበቃ ሳጥን እንደ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ሳጥን ነው የሚለው። መስፈርቱን ያወጣው ዩ ኤል የተባለው የፍተሻ ድርጅት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው፣ ካቻቪቴና መዶሻን የመሳሰሉ የእጅ መሣሪያዎች፣ 5 ደቂቃ። በ5 ደቂቃ ካልተከፈተ አለፈ። ወርቅ ቤቶች የሚገዙት ቲ ኤል 15 የሚባለው ግን በኤሌክትሪክ መሣሪያ ጭምር ተደብድቦ 15 ደቂቃ መቆም አለበት። የእሱ ዋጋ ብዙ ሺህ ዶላር ነው፤ ጸሐፊው ካሰቡትም በላይ ነው።

አር ኤስ ሲ የለጠፈ ካዝና በ500 እና በ600 ዶላርም ይገኛል። በ1,500 የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ያንኑ ምልክት ነው የለጠፈው። የተጨመረው ገንዘብ በአብዛኛው ለስፋቱ፣ ለቀለሙ፣ ለውስጡ ምንጣፍና ለመብራቱ ነው። ብረቱም ትንሽ ሊወፍር ይችላል። ጎኑ 12 ጌጅ ቢሆን 2.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግራይንደር የያዘ ሌባ በደቂቃዎች ይቆርጠዋል። በቆርቆሮና በካዝና መካከል ያለው ድንበር 1,500 ዶላር ላይ አልተሰመረም ማለት ነው።

እኔ የማነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። የምንቆልፈው በማን ላይ ነው? የሰባት ዓመት ልጅ እጅ አለ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እጅ አለ። የእንግዳ ልጅ እጅ አለ፤ በልደትና በክርስትና ቀን ቤታችን ስንት ሕፃን እንደሚርመሰመስ እናውቃለን። የሌባ እጅ አለ። የ120 ዶላሩ ሳጥን በአራተኛው ይሸነፋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ግን፣ ኮዱን ካላወቁና ቁልፉን ካላገኙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይመልሳል። ሌባውም ቢሆን ካቻቪቴ ይዞ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ድምፅ አሰምቶ ነው። ቁም ሳጥን አናት ላይ ያለውን ግን እጁን ዘርግቶ ነው የሚወስደው።

እስኪ እናስላው። በወር 100 ዶላር የሚያስቀምጥ ሰው 1,500 ለመሙላት 15 ወር ይፈጅበታል። 15 ወር ሙሉ ሽጉጡ ቁም ሳጥን ላይ ያድራል። ወንበር መሳብ የማይችል ልጅ ያለው ማን ነው? ካዝናው ሲመጣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን እፈራለሁ። ለሌባውም መኝታ ቤት የመጀመሪያው መፈተሻ ነው። በአገሪቱ ከ2017 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት ብቻ ከግለሰቦች ተሰረቁ ተብለው የተመዘገቡት መሣሪያዎች ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ።

ሕጉም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ከጥቅምት 2023 መግቢያ (በፈረንጆቹ) ጀምሮ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መሣሪያ ያስቀመጠ ሰው ይጠየቃል። «አላወቅሁም» ማለት ብዙ አያድንም፤ ማወቅ ይገባው የነበረም ይጠየቃል። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ያለው ወዳጄ ሕጉ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚያወራው ስለ ጎረሰ መሣሪያና ከ14 ዓመት በታች ስላለ ልጅ ነው። የየስቴቱ ይለያያል። «ካዝና እስክገዛ ነው» የሚል ማመካኛ ግን የትም የለም።

ታዲያ ባዶ ኪስ ያለው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ሽጉጡ የመጣበትን ካርቶን ይይ። በ2005 ከወጣው የፌደራል ሕግ ወዲህ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ለግለሰብ ሽጉጥ ሲሸጥ መቆለፊያ አብሮ መስጠት አለበት። ብዙዎቻችን ከነላስቲኩ ጥለነዋል። ከሌለም ፕሮጀክት ቻይልድሴፍ የሚባለው ፕሮግራም በብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች በነፃ የሚታደል የገመድ ቁልፍ አለው። የመሣሪያውን ባዶነት አረጋግጣችሁ ገመዱን በጥይት መግቢያው በኩል ታሳልፉትና ትቆልፉታላችሁ። ከዚያ ወዲያ ሊጎርስ አይችልም። ሌባ እንዳለ ይዞት ይሄዳል፤ ልጅ ግን አይተኩስበትም። ዋጋው ዜሮ ነው። ከዚያ በሚቀጥለው ወር ሳጥኑ፣ አቅም ሲኖር አር ኤስ ሲው። እንዲህ ነው መደረጃው። ጸሐፊው ግን ከመሬት ተነስታችሁ ጣሪያ ላይ ውጡ ነው ያሉን።

አሁን ወደ እሳቱ። ካዝናው በር ላይ «60 ደቂቃ» የሚል ተለጣፊ ይታያል። ጸሐፊው ከሁሉ የሚበልጥ ቁጥር ብለውታል። እኔ ከሁሉ የምጠራጠረው እሱን ነው። ለጠመንጃ ካዝና የእሳት ፈተና ሁሉም የሚገዛበት አንድ መስፈርት የለም። ብዙ ፋብሪካ ራሱ ባወጣው መንገድ ይፈትናል፤ በስንት ዲግሪ እንደጀመረና ሙቀቱ በምን ፍጥነት እንደጨመረ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። የአንዱ 60 ደቂቃ ከሌላው 30 ላይበልጥ ይችላል።

አሠራሩን ማወቅ ደግሞ ይጠቅማል። በግድግዳው ውስጥ ያለው መከላከያ በብዛት ተራ ጂፕሰም ቦርድ ነው፤ የቤታችን ግድግዳ የተሠራበት ያው። ጂፕሰም ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚሆን ውሃ በውስጡ ይዟል። ሲሞቅ ውሃው እንፋሎት ይሆንና ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ጥሩ ብልሃት ነው። ግን እንፋሎቱ ወደ ውስጥም ይገባል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ካዝናው ቶሎ ካልተከፈተ ጠመንጃው ሳይቃጠል ዝጎ ይገኛል። ሌላም አለ። በጀት ውሱን ሲሆን ፋብሪካው ለጂፕሰም ያወጣውን ከብረቱ ውፍረት ሊቀንሰው ይችላል። በ500 ዶላር ሁለቱንም በደንብ አታገኙም። እኔ ብረቱን እመርጣለሁ።

«ፓስፖርታችንስ? የዜግነት ወረቀቱስ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ለወረቀት ለብቻዋ የተሠራች፣ ውስጧ ከ350 ዲግሪ ፋራናይት እንዳያልፍ ተፈትና የተመሰከረላት ትንሽ የእሳት ሳጥን ከ100 ዶላር በታች ትገኛለች። እሷን ግዙ። ወረቀቱን ግን ከጠመንጃው ጋር አታስቀምጡ። ምክንያቱ እሳት አይደለም። ካዝናው ውስጥ ፓስፖርት ካለ ባለቤቴ ኮዱን ትፈልጋለች። የእናቴ ወርቅ ካለ እናቴ ትፈልጋለች። የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲደርስ የልጁ የልደት ካርድ ይፈለጋል፣ «ሂድ አምጣው፣ ቁጥሩ እንዲህ ነው» ይባላል። በዓመቱ ኮዱን የማያውቀው ውሻው ብቻ ይሆናል።

ይህ ተለቅ ያለውን ግዙ ወደሚለው ያመጣኛል። እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። «ለ24 ጠመንጃ» ተብሎ የሚሸጠው መነጽር የተገጠመለት ጠመንጃ ከሆነ ግማሹን እንኳ በግድ ነው የሚይዘው። ረጅም ጠመንጃ የሚጨምር ሰው ትንሽ ከገዛ ሁለት ጊዜ ይገዛል። አንዲት ሽጉጥ ብቻ ላለው ግን ትልቅ ካዝና ባዶ ቦታ መግዛት ነው፤ ባዶው ቦታ ደግሞ ፓስፖርት ይጠራል።

የጣት አሻራው ላይ በፍጹም አንስማማም። ሐሳባቸው ይገባኛል፤ ሌሊት በድንጋጤ ቁጥር ይምታታል። ግን ጣትም ይምታታል። እርጥብ ጣት፣ የደረቀና የተሰነጠቀ ጣት፣ ሽንኩርት ሲከትፍ የቆየ ጣት ርካሽ አንባቢ ላይ አይሠራም። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ጥቅምት 2023 (በፈረንጆቹ) የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ወደ 61,000 የሚጠጉ የጣት አሻራ ካዝናዎች ከገበያ እንዲሰበሰቡ አስታውቋል። ችግሩ ያልተመዘገበ ጣትም ይከፍታቸው ነበር። ከአንዱ ካዝና ጋር በተያያዘ የ12 ዓመት ልጅ መሞቱን የሚገልጽ ክስም ቀርቦ ነበር። ባለቤቱ ተቆልፏል ብሎ ያምናል፤ ሳጥኑ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። እንዲያውም ምንም ቁልፍ ከሌለው ይብሳል፤ ቁልፍ የሌለውን ሰው ይጠነቀቀዋል።

የጣት አሻራ ያለው ሰው ዛሬውኑ አንድ ነገር ይሞክር። ያልተመዘገበ ሰው ጣት ያስነካው። የባለቤቱን፣ የጎረቤቱን። አሥር ጊዜ።

ለሽጉጥ የምመክረው ያለ ባትሪ የሚሠራ፣ በአዝራር የሚከፈት ሜካኒካል ሳጥን ነው። በጣት ተዳስሶ በጨለማ ይከፈታል። ጥሩው ከ200 ዶላር ያልፋል፤ ውድ ነው፣ አልዋሽም። አቅም ካልፈቀደ ተራው የቁጥር ኤሌክትሮኒክም ያገለግላል። ባትሪው ሲያልቅ ኮዱ አይጠፋም፤ አዲስ ሲገባ ይመለሳል። እኔ በየእንቁጣጣሹ እቀይራለሁ፤ ቀኑን ስለማልረሳው። ከፋብሪካ የመጣውን ኮድ የገዛችሁ ዕለት ለውጡት። የልጅ ልደት አታድርጉት። አንድ ጓደኛዬ የልጁን የትውልድ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርጎት «ማን ያውቀዋል» ይል ነበር። ልጁ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ይማራል። አወቀው።

ስለ መጠባበቂያ ቁልፉ የራሴን ኃጢአት ልናገር። ከሳጥኑ ጋር የመጣችውን ትንሽ ቁልፍ ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ደበቅኋት። ባለቤቴን «ፈልጊና አግኚ» አልኳት። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። «ያንተን ነገር የምትደብቅበት ሌላ ቦታ አለህ እንዴ?» አለችኝ። አሁን ቁልፏ ቤት ውስጥ የለችም።

«ከባድ ስለሆነ ማሰር አያስፈልግም» የሚለውን በአጭሩ ላልፈው ነበር፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 150 ኪሎ ካዝና ያመጡላችሁ ሁለት ልጆች በጋሪ ገፍተው አይደል ያስገቡት? በገባበት ይወጣል። ሌባ ባያወጣውም ይጥለዋል። ካዝና በጀርባው ሲተኛ መፈልቀቂያ ብረት የያዘ ሰው በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋል። ቆሞ ከታሰረ ያንን ጉልበት አያገኝም። ከካዝናው ሥር አራት ቀዳዳ አለ፤ ብሎኑ ከ20 ዶላር አይበልጥም። ከእንጨት ወለል ጋር ሲሆን ወራጁን ፈልጋችሁ እሱ ላይ እሰሩ፤ ጣውላው ብቻውን አይይዝም። ጥግ ላይ፣ በሩ የሚከፈትበት ጎን ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ቢቀመጥ ደግሞ ብረት ማስገቢያ ቦታ ይጠባል። 300 ዶላር ካዝና የታሰረ፣ 1,000 ዶላር ካልታሰረ ይሻላል እላለሁ።

ተከራዮችን በተመለከተ ግን ለጸሐፊው እጅ እሰጣለሁ። አከራይን ሳይጠይቁ ወለል መብሳት ጣጣ አለው። ከጣጣም በላይ፣ በአንዳንድ የአፓርታማ ሕንፃዎች ኮንክሪት ውስጥ የተወጠረ የብረት ገመድ አለ፤ ድሪል ቢነካው አደጋ ነው። እዚያ ቤት ያለ ሰው ትንሿን ሳጥን ይግዛ። ከከባድ የአልጋ ብረት ጋር በገመድ ትታሰራለች። አከራዩ ከፈቀደ ከቁም ሳጥኑ እንጨት ጋር በብሎን ማሰርም ይቻላል።

የቀረው የልጆቹ ነው። ይህን መጻፍ ይከብደኛል።

«የእኛ ልጆች በሥርዓት ያደጉ ናቸው።» እኔም በሥርዓት ያደግሁ ነኝ። የአያቴ ምንሽር ከራስጌው ተሰቅሎ ነበር፣ እንዳንነካው ተነግሮናል። ነክተነዋል። ጥይቱ ወገቡ ላይ ስለነበረ ነው የተረፍነው። ወሬ ብቻ እንዳይሆን፣ በ2001 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 64 ወንዶች ልጆችን በቡድን በቡድን ክፍል ውስጥ አስገብተው መሳቢያ ውስጥ መተኮስ የማይችል እውነተኛ ሽጉጥ አስቀመጡ። አርባ ስምንቱ አገኙት። ሠላሳው ነኩት። አሥራ ስድስቱ ቃታውን ሳቡ። ከነኩትና ከሳቡት ከአሥሩ ዘጠኙ በላይ ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ ቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። ማስተማር ክፉ ነው አላልኩም፤ እኔም አስተምራለሁ። የተማረ ልጅም ልጅ ነው።

ጸሐፊው ያሰቡት ስለ ትንንሾቹ ብቻ ይመስለኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ትልቁ ነው። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጦር መሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ። በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ሲደርስ «በድንገት አረፈ» ተብሎ ለቅሶ ይደረሳል፣ ሌላ አይነሳም። ሥርዓት ያለው ልጅም ይጨንቀዋል። አባትም ሥራ ሲያጣ፣ ትዳር ሲፈርስ ይጨንቀዋል። ክፉው ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው። በዚያች ሰዓት መሣሪያው እጅ ላይ ካልደረሰ ብዙው ሰው ያልፈዋል፣ ይተርፋል። ቤት ውስጥ እንዲህ የከፋው ሰው ካለ ኮዱ ይለወጥ፣ ወይም መሣሪያው ለጊዜው ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ከቤት ይውጣ። በጭንቅ ላይ ላለ ሰው የተዘጋጀው የአሜሪካ የእርዳታ መስመር 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት ይደወላል። ለዚህች ሰዓት የ5 ደቂቃው ፈተናም፣ የብረቱ ውፍረትም ቁም ነገር አይደለም። ተቆልፏል ወይስ አልተቆለፈም ነው።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። በዋጋው ላይ እንከራከር፣ በእሳቱም እንከራከር፤ ተሳስቼ ከሆነ እታረማለሁ። ጽሑፉ ግን አሁንም እየዞረ ነው፤ ትናንት አምስተኛው ሰው ላከልኝ። ቁም ሳጥን አናት ላይ አድርጉት የምትለዋን አንዷን ዓረፍተ ነገር ያውጡልን።